መኪናዬ የሚበላው የማንን ነው?

ልጅ ሲበዛ መኪና ያምራል። ሦስት ልጆች ይዞ ሶዶ ላይ በአንድ ባጃጅ መጣበብ ስለሰለቸኝ፣ እኔም ነዳጅ የማይበላ መኪና አጠያይቃለሁ። ለመሆኑ ቁጠባው ለኪስ ብቻ ነውን? እስከ ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ድረስ መንግሥት የባለመኪናውን ሁሉ ነዳጅ ይደጉም ነበር። ስኳር ድንች ተሸክማ በእግሯ ገበያ የምትወጣ እናት፣ ለማትሳፈርበት መኪና ታዋጣ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ድጎማው ከግል መኪና ደረጃ በደረጃ ተነሣ፤ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ተከለከለ። እንግዲያስ ኤሌክትሪኩን ገዝቶ መገላገል ነዋ! 1,870 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ግልገል ጊቤ ሦስት ከወላይታ ሩቅ አይደለም። በዞኑ ገጠር ግን ዛሬም በኩራዝ የሚያጠና ልጅ አለ። ይህን ለባለቤቴ ባነሣባት፣ «አንተ ስትፈላሰፍ የእኛዎቹን ዝናብ ይመታቸዋል» አለችኝ። መልስ አጣሁ፤ ማጠያየቄን ግን አልተውኩም።