ለሞተ ውሻ ይታዘናልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ነቢዩ ናታን ንጉሥ ዳዊትን ሊገሥጽ በመጣ ጊዜ ምሳሌ አድርጎ ያቀረበለት የአንድ ድኻ በግ ነበረች (2ኛ ሳሙ. 12)። ድኻው ከልጆቹ ጋር አሳድጎአት፣ ከራሱ ማዕድ ያበላት፣ በብብቱም ያስተኛት ነበር። ዳዊት ይህን ሰምቶ «ለበግ ነው እንዴ ይህ ሁሉ?» አላለም፤ እጅግ ተቈጣ እንጂ።

ይህን ያነሣነው በሕፃናት ክፍል አንዲት ታናሽ እኅታችን ውሻዋ ሞቶባት ስታለቅስ አንዳንዶች ስለ ሳቁባት ነው። ውሻ ቤተ መቅደስ እንደማይገባ፣ ፍትሐትም ለተጠመቀ ሰው እንጂ ለእንስሳ እንደማይደረግ እናውቃለን። (ደግሞስ ያ ውሻ ከቅጥሩ ውጭ ተኝቶ ይጠብቃት ነበር እንጂ መቼ ገብቶ ያውቃል!) ዳሩ ግን ጦብያ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር መንገድ ሲወጣ ውሻው አብሮ እንደ ተከተላቸው በመጽሐፈ ጦቢት ተጽፎአል። በየዓመቱ ጳጉሜን 3 ቀን በዓሉን ስናከብር ስለ ዓሣው ብዙ እንሰማለን፤ ውሻውን የሚያነሣው ግን ጥቂት ነው።

ጌታችንም ከድንቢጦች አንዲቱ እንኳ በእግዚአብሔር ዘንድ እንደማትረሳ አስተምሮአል (ሉቃ. 12፥6)። ሰው ከብዙ ድንቢጦች እንደሚበልጥ በዚያው ተናግሮአል፤ መብለጡ ግን ድንቢጢቱን ከንቱ አያደርጋትም።

እኅታችን «በሰማይ አገኘው ይሆን?» ብላ ብትጠይቀን ያልተጻፈውን ተስፋ አንሰጣትም። ይልቅስ ከአጠገቧ ተቀምጠን የውሻውን ስም እንጠይቃት፤ ያን ታማኝ ጠባቂ ስለ ሰጣትም ከእርስዋ ጋር ፈጣሪን እናመስግን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።