የገዢው ጥያቄና የሻጩ ዝምታ

ሰው የሥራ መሣሪያውን በተሻለ መለወጡ የሚያስነቅፍ ነገር አይደለም። ገበሬ ያለቀ ማረሻውን፣ ጸሐፊ የደነዘዘ ብርዑን ቢለውጥ ሥራውን አከበረ እንጂ ገንዘቡን አባከነ አይባልም። በዘመናችን ብርዕም መዝገብም ሆኖ የሚያገለግለው ላፕቶፕ የተባለው ኮምፒውተር ነው። እንግዲህ ልንመረምረው የወደድነው ጥያቄ ይህ ነው፤ አሮጌ ላፕቶፑን ሸጦ፣ ያገለገለ ነገር ግን ብርቱ የሆነ ሌላ የሚገዛ ሰው፣ ሲገዛም ሲሸጥም ለባልንጀራው ምን ያህል እውነት የመናገር ግዴታ አለበት?

አስቀድመን ስለ ብርታቱ ጥቂት እንናገር። የመሣሪያ ብርታት የሚመዘነው በሥራው ነው። ደብዳቤ ለሚጽፍና ሒሳብ ለሚመዘግብ ሰው 8 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል፤ የብራና መጻሕፍትን ፎቶግራፍ እያስተካከለ ለኅትመት ለሚያዘጋጅ ግን 16 ወይም 32 ጊጋባይት ቢኖረው ብዙ ጊዜ ያተርፍለታል። የእኛም ሥራ ይኸው ነው። ሥራው ሳይጠይቅ፣ ባልንጀራው ስለ ያዘ ብቻ የሚገዛውን ሰው ግን፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው የአበው ተግሣጽ ያገኘዋል።

ያገለገለ ዕቃ መግዛትም አያሳፍርም። ታላላቅ ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው የገዟቸውን ጠንካራ ላፕቶፖች ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአዲስ ስለሚተኩ፣ ገና ብዙ መሥራት የሚችሉት በአነስተኛ ዋጋ ወደ ገበያ ይወጣሉ። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተቋሞች ጥናት እንደ ተገለጸው፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2022 ዓ.ም. በዓለም የተጣለው የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ 62 ሚሊዮን ቶን ደርሶ ነበር። ስለዚህ የሚሠራውን ዕቃ ከመጣል ማዳን መልካም ነው።

ነገር ግን ያገለገለ ዕቃ ሁሉ ያለፈ ታሪክ አለው፤ ታሪኩንም የሚያውቀው ሲጠቀምበት የኖረው ሰው ነው። ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቈይ፣ ሥራ ሲበዛበት ይግል እንደ ሆነ፣ ውሃ ፈስሶበት እንደ ነበረ በመልኩ አይታወቅም። እኛም ላፕቶፓችንን በገዛን ጊዜ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቅን። ሻጩ በትዕግሥት መለሰልን፤ የክዳኑ ማጠፊያ መላላቱንም ሳንጠይቀው ነገረን። በዚህም አመንነው።

በዚያው ሳምንት አሮጌውን ሊገዛ አንድ ተማሪ መጣ። ከፍቶ አየው፤ ጥቂት ጻፈበት፤ ከዚያም ዋጋውን ብቻ ጠየቀ። እኛ ግን ሁለት ነገር እናውቅ ነበር። ባትሪው ከኤሌክትሪክ ሲነቀል ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቈይም። ደግሞም ለሚሠራበት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ፕሮሰሰሩም የኢንቴል 6ኛ ትውልድ በመሆኑ፣ ዊንዶውስ 11ን እንዲጭኑ ከተፈቀደላቸው ውስጥ አይቈጠርም። ልባችንም ወዲያው ጠበቃ ሆኖ፣ «ዝም አላችሁ እንጂ አልዋሻችሁም፤ ዓይኑን መክፈት የገዢው ፋንታ ነው» ይለን ጀመር።

ይህን ክርክር መመርመር ይገባል። ክዳኑ ላይ ያለውን ጭረት ገዢው ራሱ ያየዋል፤ ስለዚያ ዝም ብንል ማታለል አይባልብንም። ስውሩን ጕድለት የሚያውቅ ሻጩ ብቻ ሲሆን ግን ዝምታው ራሱ ንግግር ይሆናል፤ «ዕቃው ደኅና ነው» ይላልና። ገዢውም ገንዘቡን የሚከፍለው በዚያ ባልተነገረ ቃል ተማምኖ ነው። ይልቁንም የሚጠይቀውን የማያውቅ ሰው ከሚያውቀው አብልጦ እውነት ያስፈልገዋል እንጂ፣ አለማወቁ ለእኛ ትርፍ ሊሆን አይገባም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደ ተባለ፣ ተማሪው መብራት በጠፋበት በመጀመሪያው ምሽት የሸሸግነውን ያገኘዋል። ከሁሉም በላይ በገዢ ወንበር ተቀምጠን የፈለግነውን እውነት በሻጭ ወንበር ስንቀመጥ ብንነፍግ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሚዛን ይዘናል ማለት ነው።

ስለዚህ ነገርነው። ተማሪው ጥቂት አሰበና ዋጋው እንዲቀነስለት ለመነን፤ ቀነስንለት። በዚያ ገንዘብ በገዛነው ላፕቶፕ ላይ ልንጨምር ያሰብነው ራም ቀረ፤ እስከ ዛሬም ትልልቆቹ ፎቶግራፎች እስኪከፈቱ ድረስ ቍጭ ብለን እንጠብቃለን። እውነት መናገር ወጪ የለበትም የሚል ሰው ዕቃ ሸጦ አያውቅም።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፤ መሣሪያችሁን ስትለውጡ ብርታቱን በሥራችሁ መዝኑ፤ ስትገዙ ሳታፍሩ ጠይቁ፤ ስትሸጡ ደግሞ ገዢው ያልጠየቃችሁን፣ ነገር ግን እናንተ በእርሱ ቦታ ብትሆኑ ልታውቁት የምትወዱትን አስቀድማችሁ ንገሩት። ሁለቱም በአንድ ሚዛን የሚመዘኑ ናቸውና።