የታደሰ ሞተር ማንነትና የአዳሹ ቃል

ያረጀ ዕቃ ታድሶ ዳግም ለገበያ ሲቀርብ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው የህልውና ጥያቄ ሲሆን፣ አካሉ በአብዛኛው የተለወጠ ዕቃ ያው የቀድሞው ዕቃ ነውን የሚል ነው፤ ሁለተኛው የሥነ ምግባር ጥያቄ ሲሆን፣ ያደሰው ሰው ዕቃውን ለሌላ ሲሸጥ ምን ያህል የመናገር ግዴታ አለበት የሚል ነው። የመጀመሪያውን ፈላስፎች፣ ሁለተኛውን ደግሞ የሃይማኖትና የሕግ ሊቃውንት በየፊናቸው ሲመረምሩት ስለኖሩ፣ ጥያቄዎቹ የማይገናኙ ሊመስሉ ይችላሉ። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን ሁለቱ በመሠረቱ አንድ ናቸው የሚል ነው፤ ሕይወት የሌለው ዕቃ ማንነቱን በራሱ ውስጥ ሊጠብቅ ስለማይችል፣ ከታደሰ በኋላ ማንነቱን የሚጠብቅለት ስለ እርሱ የሚነገረው እውነተኛ ቃል ነውና። ለዚህ ምርመራ የተመረጠው ምሳሌ በሰሜን አሜሪካ በረዷማ አካባቢዎች የተለመደ ሥራ፣ ይኸውም ያረጁ የበረዶ መጥረጊያ ማሽኖችንና ትናንሽ ሞተሮቻቸውን አድሶ መልሶ መሸጥ ነው።

የበረዶ መጥረጊያ ማሽን ሲባል መሬት ላይ የተቆለለ በረዶን በሚሽከረከር ስለት እየቆረጠ ሰብስቦ በመትፊያ ቱቦ ወደ ጎን የሚወረውር፣ በሞተር የሚሠራ መሣሪያ ማለት ነው። የኩቤኩ ተወላጅ አርቱር ሲካር በ1925 እንዲህ ያለ ትልቅ ማሽን በመኪና ላይ ገጥሞ ሠራ፤ በ1927ም ለኡትርሞን ከተማ ሸጠ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ሰው ከኋላው ሆኖ የሚነዳው ትንሹ ዓይነት በየመኖሪያ ቤቱ የተስፋፋው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲሆን፣ በዊስኮንሲን ግዛት በብሪሊየን ከተማ የሚገኘው የኤሪየንስ ኩባንያ የመጀመሪያ ማሽኑን ለገበያ ያቀረበው በ1960 ነበር። ለእነዚህ ማሽኖች ሞተር በማቅረብ ከታወቁት መካከል በ1908 በሚልዋኪ የተመሠረተው ብሪግስ ኤንድ ስትራተንና የሚሺጋኑ ቴከምሴ ይገኙበታል። በዚያ ዘመን ከተሠሩት ማሽኖች ብዙዎቹ ወፍራም ብረትና በቀላሉ የሚፈታ አሠራር ስለነበራቸው፣ ከ50 ዓመት በኋላም ለማደስ የሚበቁ ሆነው ተገኝተዋል።

የማደስ ሥራው ምን እንደሚለውጥና ምን እንደሚያስቀር ካልታወቀ የማንነቱን ጥያቄ በትክክል ማንሣት አይቻልም። አንድ የቤንዚን ሞተር እንዲነሣ ሦስት ነገሮች ሊሟሉለት ይገባል፤ እነርሱም በልክ የተቀላቀለ ቤንዚንና አየር፣ በወቅቱ የሚፈነጥቅ ብልጭታ፣ እንዲሁም እመቃ፣ ማለትም ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ድብልቁን አምቆ የሚይዝበት ኃይል ናቸው። ማሽኑ ቤንዚን እንደያዘ ለብዙ ወራት ከቆመ ቤንዚኑ እየተነነ ሙጫ መሰል ዝቃጭ ይተዋል፤ ይህም ቤንዚንና አየርን የሚቀላቅለውን የካርቡሬተር ጠባብ ቀዳዳዎች ይደፍናል። ስለዚህ አዳሹ ካርቡሬተሩን ፈትቶ ያጥባል፣ ካንዴላውን ይለውጣል፣ ብልጭታ የሚያመነጨውን ክፍል ያጸዳል፣ የደረቀውን የቤንዚን ቱቦና የተሰነጠቀውን ቺንጋ አውጥቶ ይጥላል፣ ያለቀውን ኩሽኔታ በአዲስ ይተካል፣ ዝገቱን ፍቆ ቀለም ይቀባል። ብዙውን ጊዜ ከቀድሞው ማሽን ሳይለወጡ የሚቀሩት የሞተሩ አካል፣ ዋናው ሻሲና በረዶ የሚሰበስበው ሰፊ አፍ ብቻ ይሆናሉ።

እንዲህ ያለው ለውጥ ጥንታዊውን የቴሴዎስ መርከብ ጥያቄ ያስነሣል። የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደ ጻፈው፣ የአቴና ሰዎች ጀግናቸው ቴሴዎስ የተመለሰበትን መርከብ የበሰበሰውን ሳንቃ በአዲስ እየተኩ ለብዙ ዘመን ጠብቀው ስላቆዩት፣ መርከቡ ለፈላስፎች የክርክር ርእስ ሆነ፤ ከፊሎቹ ያው መርከብ ነው ሲሉ ከፊሎቹ አይደለም ይሉ ነበር። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቶማስ ሆብስ በ17ኛው መቶ ዘመን ጥያቄውን የበለጠ አከበደው፤ አንድ ሰው የተጣሉትን አሮጌ ሳንቃዎች ሰብስቦ በቀድሞ ሥርዓታቸው ቢገጥማቸው ከሁለቱ መርከቦች የቴሴዎስ የሚባለው የትኛው ነው ሲል ጠየቀ። ይህ ጥያቄ በአዳሾች ዘንድ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። ቴከምሴ ሞተር ማምረቱን በ2008 ካቆመ ወዲህ ለአሮጌ ሞተሮቹ መለዋወጫ ከሚገኝባቸው መንገዶች አንዱ ሌላ ተመሳሳይ ማሽን መፍታት ሆኗል፤ ስለዚህ የአንዱ ማሽን ሞተር፣ የሁለተኛው ሻሲና የሦስተኛው ጎማዎች ተገጣጥመው በአንድ ስምና በአንድ የምርት ቁጥር የሚሸጥ ማሽን ይሆናሉ።

ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች ጥልቁ የአርስቶትልን ፈለግ የሚከተለው ነው። እንደ አርስቶትል አስተሳሰብ ማንኛውም ግዙፍ ነገር ከቁስና ከቅርጽ የተዋሐደ ሲሆን፣ ቅርጽ ሲባል ከውጭ የሚታየው መልክ ብቻ ሳይሆን ነገሩን ያን ነገር የሚያደርገው ውስጣዊ ሥርዓት ነው። ሕይወት ያለው ፍጡር ቁሱ ያለማቋረጥ ቢለዋወጥም ራሱን የሚመግብና የሚጠግን የሕይወት መርሕ በውስጡ ስላለ ያው ፍጡር ሆኖ ይኖራል፤ ዛፍ ቅጠሉን አርግፎ ቢያለመልም፣ ግንዱም ከዓመት ዓመት ቢወፍር፣ ያንኑ ዛፍ ያሰኘው ይህ መርሕ ነው። ማሽን ግን እንዲህ ያለ መርሕ የለውም። የተቆረጠ ቺንጋውን አይቀጥልም፣ የተበላ ጥርሱንም አያበቅልም፤ አካሎቹን አንድ የሚያደርገው ዓላማ የመጣው ከሠራው ሰው አእምሮ ነው፤ ሲበላሽ የሚጠግነውም ከውጭ የመጣ እጅ ነው።

ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ከባድ ነው። ማሽኑ ከትናንት ወደ ዛሬ የሚያሻግረው መርሕ በውስጡ ከሌለው፣ ትናንት የነበረውን ከዛሬው ጋር የሚያያይዘው የሰው ትዝታና ምስክርነት ብቻ ነው ማለት ነው። የ1960ዎቹ ማሽን መሆኑን፣ ሞተሩ ከሌላ መምጣቱን፣ ሲሊንደሩ ዳግም መስፋቱን፣ የተሰነጠቀው አፉ መበየዱን የሚያውቀው የፈታውና የገጠመው ሰው ነው፤ እርሱ ዝም ካለ ወይም ከዋሸ ያ ታሪክ በአብዛኛው ዳግም አይገኝም። እንግዲህ የቴሴዎስን መርከብ በተመለከተ የሚነሣው ክርክር በሳንቃ ቆጠራ የሚፈታ አይደለም፤ የአቴና ሰዎች የተተካውን ሳንቃ አንድ በአንድ መዝግበው ቢሆን ኖሮ ማንም የሚታለል አይኖርም ነበር፤ ከስሙ በቀር የሚያከራክርም ነገር አይቀርም ነበር። ስለዚህ አዳሽ የዕቃ ጠጋኝ ብቻ ሳይሆን የዕቃው ማንነት አደራ ጠባቂም ነው።

አደራው የሚፈተነው በሽያጭ ጊዜ ነው። ሮማዊው ሲሴሮ «ስለ ግዴታዎች» በተሰኘው ድርሳኑ ሦስተኛ መጽሐፍ፣ ፈላስፋው ባቢሎናዊው ዲዮጋንና ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ በዚህ ነገር ላይ የያዙትን ተቃራኒ አቋም ያቀርባል፤ ዲዮጋን ሻጭ ሕግ የሚያዘውን ጉድለት ከተናገረ ሌላውን ሁሉ የመዘርዘር ግዴታ የለበትም ሲል፣ አንቲጳጥሮስ ግን ገዢ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ሁሉ ሊገለጥለት ይገባል ይላል። ሲሴሮ ራሱ ዝምታን ከመሸሸግ ለይቶ፣ ማወቅ የሚጠቅመው ሰው እንዳያውቅ ለራስ ጥቅም ሲባል መደበቅ ቅንነት የጎደለው ሥራ መሆኑን ይፈርዳል። በ13ኛው መቶ ዘመን የነገረ መለኮት ሊቁ ቶማስ አኩዊናስ ይህንኑ ጉዳይ ሲመረምር ሥራ ላይ ሊውል የሚችል መለኪያ አስቀመጠ፤ ጉድለቱ ለማንም በግልጽ የሚታይ ከሆነና ዋጋውም በዚያው ልክ ከተቀነሰ ሻጩ ሊናገረው አይገደድም፤ ጉድለቱ ስውር ሆኖ ገዢውን ለአደጋ ወይም ለኪሳራ የሚዳርግ ከሆነ ግን የመናገር ግዴታ አለበት።

ለማደስ ሥራ ከሁሉ የሚቀርበው ድንጋጌ የሚገኘው በአይሁድ ሕግ ነው። በ200 ዓ.ም. ገደማ የተሰበሰበው ሚሽና ስለ ንግድ ማታለል በሚናገርበት ክፍል፣ ለሽያጭ የቀረበን ሰው፣ እንስሳ ወይም ዕቃ አስመስሎ ማሳመር የተከለከለ መሆኑን ይደነግጋል፤ ታልሙድ ደግሞ ሲያብራራ አዲስ ዕቃን መቀባት የተፈቀደ፣ አሮጌውን አዲስ ለማስመሰል መቀባት ግን የተከለከለ መሆኑን ይለያል። በእስልምናም ነቢዩ ሙሐመድ በገበያ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ከተው ውስጡን እርጥብ ሆኖ ባገኙት ጊዜ፣ ነጋዴው እርጥቡን ሰዎች እንዲያዩት ከላይ ሊያደርገው ይገባ እንደነበር መናገራቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ሁለቱም ትምህርቶች ማሳመርን በራሱ አያወግዙም፤ የሚያወግዙት የገዢን ዓይን የሚያስት ላይኛ ገጽን ነው።

ይህ መለኪያ በተግባር ሲውል በማደስና በማስመሰል መካከል ያለው ድንበር ግልጽ ይሆናል። ዝገቱ ተፍቆ ስንጥቁ ከተበየደ በኋላ የተቀባ ቀለም ብረቱን ይጠብቃል፤ በዝገትና በስንጥቅ ላይ የተቀባ ቀለም ግን ውሸት ነው። ብርድ ላይ በቀላሉ የማይነሣን ሞተር ገዢው ከመድረሱ በፊት አስነሥቶ ማሞቅም፣ አንድ ቃል ሳይነገር የሚፈጸም ውሸት ነው። ከሁሉም የረቀቀው ግን የቡሎኑ ጉዳይ ነው። የማሽኑ ስለት ከዘንጉ ጋር የሚያያዘው ሆን ተብሎ ከለስላሳ ብረት በተሠራ ቡሎን ነው፤ ስለቱ ድንጋይ ወይም የጠነከረ ግግር በረዶ ሲመታ ቡሎኑ ቀድሞ ተቆርጦ ኃይል የሚያስተላልፉትን ውድ ጥርሶች ከመሰበር ያድናል። አንድ ሻጭ በዚህ ቦታ ጠንካራ ቡሎን ቢያስር ማሽኑ በሙከራው ቀን እንከን የለሽ ሆኖ ይታያል፤ መጀመሪያ እንቅፋት ያገኘው ዕለት ግን የሚሰበረው የጥርስ ቤቱ ይሆናል። ይህ አኩዊናስ ስውር ያለው ጉድለት ራሱ ነው፤ ይልቁንም የጥንካሬ መልክ ስላለው ከሌሎቹ ይከፋል።

ጉድለቱ ሰው የሚጎዳ ሲሆን ግዴታው ከመናገርም ያልፋል። ከቀደምቶቹ ማሽኖች ብዙዎቹ፣ ሰው መያዣውን ሲለቅ ስለቱን ወዲያው የሚያቆም ማንሻ የላቸውም፤ የመትፊያ ቱቦው በእርጥብ በረዶ ሲደፈን በእጅ ለመክፈት የሞከሩ ሰዎች ጣቶቻቸውን አጥተዋል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም በታሰረው ስለት ውስጥ የተወጠረ ኃይል ሊቀር ስለሚችል፣ መዘጋቱን ማመን ብቻ በቂ አይደለም። በበረዶ አገር ያደገ ሰው ይህን ከልጅነቱ ሊሰማው ይችላል፤ በሚኒያፖሊስ ወይም በቶሮንቶ እንደሚኖሩት ኢትዮጵያውያን በረዶ በየደጃፉ ተቆልሎ ከማይከርምበት አገር የመጣ ሰው ግን የሚያውቀው የነገሩት እንደ ሆነ ነው። በሚኒያፖሊስ የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ባለቤት በረዶው መጣሉን ካቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ በደጃፉ ያለውን የእግረኛ መንገድ እንዲጠርግ የከተማው ደንብ ስለሚያስገድድ፣ እንዲህ ያለው ገዢ ቸኩሎ የሚገዛና ለመጠየቅ እንኳ የሚያበቃ እውቀት የሌለው ሊሆን ይችላል። የገዢው አለማወቅ በጨመረ ቁጥር የሻጩ ግዴታ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ለእንዲህ ያለው ሰው የአዳሹ ቃል አሠራሩን እያሳዩ ማስተማርን፣ አንዳንድ ጊዜም አደገኛውን ማሽን ጨርሶ አለመሸጥን ይጠይቃል።

በዋጋ ረገድ አዳሹን የሚወቅስ ክርክር መኖሩ አይካድም፤ የተጣለ ዕቃ በጥቂት ገንዘብ ገዝቶ በብዙ እጥፍ መሸጥ በሰው ችግር መነገድ ነው የሚሉ አሉ። ለዚህ አኩዊናስ ያስቀመጠው ልዩነት በቂ መልስ ይሰጣል፤ ነገሩን ለውጦ አሻሽሎ በበለጠ ዋጋ የሚሸጥ ሰው የሚቀበለው የድካሙን ዋጋ ነውና። ነገር ግን ይህ ፍርድ የሚያጸድቀው እውነተኛውን ድካም ብቻ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል፤ ካርቡሬተሩ ሳይፈታ ታጥቧል ተብሎ የተጨመረ ዋጋ ከስርቆት አይለይም። በሌላ በኩል፣ አሮጌ ሞተር የአሜሪካ መንግሥት ከ1997 ጀምሮ ለትናንሽ ሞተሮች ካወጣው የጭስ ገደብ በፊት የተሠራ በመሆኑ አየርን ይበክላል የሚለው ተቃውሞ እውነትነት አለው። ማሽኑ በዓመት ውስጥ የሚሠራው ጥቂት ሰዓት መሆኑና አዲስ ብረት ከማቅለጥ ማዳኑ ይህን ተቃውሞ ያለዝበዋል እንጂ አይሽረውም፤ ስለዚህ ጭሱም ቢሆን አዳሹ ሳይደብቅ ሊናገራቸው ከሚገቡት ነገሮች አንዱ ነው።

በዘፍጥረት መጽሐፍ ሰው በገነት የተቀመጠው እንዲያለማትና እንዲጠብቃት መሆኑ ተጽፏል፤ ያረጀን ነገር ከመጣል ይልቅ መጠገን የዚህ ጥሪ አካል ሊባል የሚችለው ግን ጠጋኙ ፈጣሪ ነኝ ከማለት ሲቆጠብ ነው። አዳሽ ያለፈውን ዘመን ሊሽር ወይም ያረጀውን እንዳላረጀ ሊያደርግ አይችልም፤ የሚችለው ዕቃው በቀረው ዕድሜ ለሰው እንዲያገለግል ማብቃትና የሆነበትን ሁሉ በታማኝነት ማስረከብ ነው። ለገዢው የሚሰጠው ዝርዝር፣ የተለወጠው፣ የተበየደውና ገና የሚያሠጋው ሁሉ የተጻፈበት፣ የሽያጭ ጨዋነት ብቻ ሳይሆን የማደሱ ሥራ የመጨረሻ ክፍል ነው፤ ያለ እርሱ ማሽኑ ቢጠገንም አልታደሰም።