ሰማዕትና ሰሚ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ጌታችን በሐና ፊት ቆሞ ሳለ ከሎሌዎቹ አንዱ በጥፊ መታው። ሌላውን ጉንጭ ስለ መስጠት ያስተማረው እርሱ በዚያች ሰዓት ዝም አላለም፤ ስለ ምን እንደ መታው ሎሌውን ጠየቀው እንጂ (ዮሐ. 18፥23)። እንግዲህ ይቅር ማለትና በደልን በአደባባይ መናገር የማይጣሉ መሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን። ይህንም የምንጽፈው፥ በፖለቲካ ምክንያት ታስረውና ተገርፈው የተረፉ ሰዎች ቀርበው ይመስክሩ ወይስ ዝም ይበሉ የሚለው ጥያቄ በካህናት ደጅ የሚቆም ስለ ሆነ ነው።

መልሱ ቀላል አይደለም። በቀይ ሽብር ዘመን በአዲስ አበባ የተሠቃዩ ሦስት እኅቶቻችን፥ የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር የነበረውን ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ በአሜሪካ አገር በአትላንታ ከተማ፥ አንዲቱ በምትሠራበት ሆቴል ተቀጥሮ አገኙት፤ ከሰሱትም። በ1985 ዓ.ም. በፌዴራሉ ፍርድ ቤት ቆመው፥ ልብሳቸው ተገፎ የተገረፉትን ግርፋት በማያውቋቸው ሰዎች ፊት ተናገሩ፤ ለእናት እንኳ መናገር የሚያሳፍረውን ማለት ነው። ፍርድ ቤቱም ለእያንዳንዳቸው 500 ሺህ ዶላር ፈረደላቸው። የሆቴል ሠራተኛ ግን ይህን ያህል ገንዘብ ከወዴት ያመጣል? ይባስ ብሎ ሰውዬው በ1987 ዓ.ም. የአሜሪካ ዜግነት ተሰጠው፤ ከዚያ አገር የተባረረው በ1999 ዓ.ም. ነው።

ታዲያ ትርፋቸው ምንድር ነው? የሆነው ነገር በእርግጥ ሆኗል ተብሎ በፍርድ መዝገብ ተጻፈ፤ ከእንግዲህ ወዲህ አልሆነም የሚል ሰው ሙግቱ ከመዝገቡ ጋር ነው። ይህ በገንዘብ አይለካም። ኪሳራውም እውነተኛ ነው፤ ቁስሉን የገለጠ ሰው እንቅልፉን ያጣል፥ ዘመዶቹም ይፈሩለታል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ተናግሮ አለመሰማት ነው፤ ያን ጊዜ ሁለተኛ እንደ ተገረፈ ይሆናል።

በግእዝ ሰማዕት ማለት ምስክር ማለት ነው፤ ቃሉም ሰምዐ ከሚለው ይወጣል። ምስክሩና ሰሚው ከአንድ ሥር መብቀላቸው በከንቱ አይመስለንም። በደቡብ አፍሪቃ፥ በሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ሰብሳቢነት የተቋቋመው የእውነትና የዕርቅ ጉባኤ በ1988 ዓ.ም. ተበዳዮችን መስማት ሲጀምር፥ ከምስክሩ አጠገብ ውሃ የሚያቀብልና ሲያለቅስ የሚደግፍ ሰው ይቀመጥ ነበር። መንግሥት ለእያንዳንዱ ተበዳይ 30 ሺህ ራንድ እንዲሰጥ የወሰነው ከ7 ዓመት በኋላ ነው፤ ያ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ግን በዚያችው ሰዓት ተገኝቷል።

የካህንም ቦታ ይኸው ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ፦ «ልጄ፥ ተይው፤ ለእግዚአብሔር ስጪው» እንላለን። ምክሩ ከፍቅር ሲወጣ መልካም ነው፤ ከፍርሃት ሲወጣ ግን የበዳዩ ጠበቃ ያደርገናል። ከመሠዊያው በታች ያሉ ነፍሳት እንኳ ፍርዱ እስከ መቼ እንደሚዘገይ ጌታን ጠይቀዋል (ራእ. 6፥10)። ደግሞም የተደረገባት በደል የእርስዋ ኃጢአት አይደለምና፥ እንደ ንስሓ ቆጥረን ቀኖና ልንሰጣት አይገባም። ልትመሰክር ያልወደደችውንም አናስገድዳት፤ ጊዜውን የምታውቅ እርስዋ ናት።

መስክራ ስትመለስስ? በችሎቱ ቀን ብዙ ሰው ይከባታል፤ የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ነው። የንስሓ አባት ወደ ቤቷ መሄድ ያለበት ያን ጊዜ ነው፤ ሊጠይቃትም አይደለም፥ አብሯት ሊቀመጥ ነው እንጂ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።