ቁስል የሌለው ሕመም ሐሰት ነውን?

ለሕክምና የመንቀሳቀሻ ወረቀት አግኝተን ከካምፕ ወደ ናይሮቢ የወጣን ጥቂት ሰዎች በኢስትሊ፣ ከፈርስት አቬኑ ጀርባ፣ በአንዲት ክፍል ከርመናል። ማታ ማታ ስለ አገር ከምናወራው ያላነሰ ስለ ሆዳችን እናወራ ነበር። አንዱን ይነፋዋል፣ ሌላውን ይቆርጠዋል፣ አንዱ ደግሞ ለቃለ መጠይቅ በተጠራ ቁጥር መጸዳጃ ቤት ሲመላለስ ያድራል። ጤና አዳሙም ፌጦውም ተሞክሯል።

ይኸው የመጨረሻው ጓደኛችን ተመረመረ። ሰገራው ታየ፣ ደሙ ታየ፣ አንጀቱም በመሣሪያ ታየ፤ ምንም አልተገኘም። ሐኪሙ «ሐሳብ ነው፣ አታስብ» ብሎ አሰናበተው። ጓደኛችን ግን በደስታ ፈንታ ተከፍቶ መጣ። «ውሸታም አደረገኝ» አለን። ማስረጃ ስለሌለው ብቻ ታሪኩ ያልታመነለት ሰው ይህን ንዴት ያውቀዋል።

ሐኪሞች በቀላሉ የሚቆጣ አንጀት የሚሉት ሕመም አለ። ቁስል አይታይበትም። ሆኖም በአንጀት ግድግዳ ውስጥ በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠሩ የነርቭ ሕዋሳት ስላሉና ከአንጎል ጋር ያለ ማቋረጥ ስለሚላላኩ፣ ሌላው ሰው ልብ የማይለው ጥቂት ነፋስ ለሕመምተኛው ሥቃይ ይሆንበታል። አባቶቻችን «ሆዴ ባባ፣ አንጀቴ ተላወሰ» ሲሉ መቼም ስለ ነርቭ ተምረው አልነበረም። (ደም የሚያይ፣ የሚከሳ ወይም የሚያተኩሰው ሰው ግን ይህን አንብቦ አይቀመጥ፤ አሜባና ጃርዲያም አስቀድመው ይመርመሩ።)

እ.ኤ.አ. በ1984 በእንግሊዝ አገር፣ በማንችስተር፣ ዶክተር ፒተር ዎርዌልና ባልደረቦቹ ሌላ ሕክምና ያልፈየደላቸውን 30 ሕመምተኞች ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ ሂፕኖሲስ ወደሚባለው፣ በንግግር ብቻ ወደሚመጣው ሰመመን እየገቡ፣ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አኑረው ሙቀት እንዲሰማቸውና አንጀታቸው ሲረጋ እንዲታያቸው ተደረገ። የቀሩት ምክርና መድኃኒት የሌለበት ክኒን ተሰጣቸው። በሰመመን የታከሙት እጅግ ተሻላቸው። ጥናቱ ትንሽ ነበር፤ በኋላ የተደረጉትም ሁሉ ያን ያህል ውጤት አላሳዩም። ቢሆንም የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2008፣ መድኃኒት ዓመት ሙሉ ላልረዳው ሕመምተኛ ከሚታሰቡት ሕክምናዎች አንዱ አድርጎታል።

ይህን ስንሰማ ክርክር ተነሣ። «በቃል የሚድን ከሆነማ፣ ያ ሐኪም ልክ ነበራ!» ያለ አልጠፋም። እኛ አልተቀበልነውም። ሕፃን በእንጉርጉሮ ዝም ቢል ለቅሶው ሐሰት ነበር አንልም። ከአገር ቤት በሚመጣ መርዶ አንጀታችን ሲገለበጥ እውነት ከሆነ፣ በመልካም ቃል ሲረጋም እውነት ነው።

የከበደን ሌላው ተቃውሞ ነው። ከመካከላችን ዓይኑ በጨርቅ ታስሮ የተመረመረ አለ። እርሱን «ዓይንህን ጨፍን፣ ድምፄን ተከተል» ማለት ምን ማለት ነው? በዚህ ሰመመን ውስጥ ያለ ሰው ይሰማል፣ ሲሻ ይነሣል፣ ፈቃዱንም አያጣም ብለን አስረዳነው። እርሱ ግን «እናንተ ታምናላችሁ፤ እኔ ማመኑን ከየትኛው ፋርማሲ ልግዛ?» አለ። መልስ አልነበረንም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሕክምና የሚሰጥ ሰው ከሁሉ በፊት «ሕመምህ እውነት ነው» የማለት ግዴታ አለበት እንላለን፤ በሩን ክፍት አድርጎ፣ ሕመምተኛው እንቢ ካለም ሳይቀየም።

ጓደኛችን እስካሁን እንዲህ ያለ ሐኪም አላገኘም። ይህን ጽሑፍ ስናነብለት «ስሜን አትጻፉ፤ አልዋሸም ብላችሁ ግን ጻፉልኝ» አለን። እነሆ ጽፈናል።