የጥያቄው ባለቤት ማን ነው?

ስለ ምሕንድስና ትምህርት በተወሳ ቁጥር ከመምህራን አንደበት የማይጠፋ አንድ ክስ አለ፤ ተማሪው የመማር ፍላጎት የለውም የሚል። ፍላጎት እንደ ነዳጅ ይታሰባል፤ ጎድሏልና ይጨመርለት ይባላል። መድኃኒት ተብሎ በየዩኒቨርሲቲው የሚታዘዘውም አሳታፊ ትምህርት ነው፤ ተማሪው ተቀምጦ ከማዳመጥ ይልቅ በቡድን እየተወያየ፣ ችግር እየፈታና በእጁ እየሠራ እንዲማር ማድረግ። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናነሣ የወደድነው ግን ከመድኃኒቱ የሚቀድመውን ጥያቄ ነው። አንድን ሰው ሌላ የመረጠለትን ነገር እንዲወድ መጠየቅ ይገባልን? ባይወድስ ጥፋቱ የማን ነው?

ቴክኒክ የሚያጠኑ ጓደኞቻችን «የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ በድልድይና በሞተር ጉዳይ ምን ጥልቅ አደረገው?» ይሉን ይሆናል። በሒሳቡ አንገባም። ማን ይመድባል፣ ማን ይመደባል፣ የተመደበውስ ፈቃዱ ተጠይቋል ወይ የሚለው ግን ከእኛ ትምህርት ጋር አብሮ የተወለደ ጥያቄ ነው።

አስቀድመን ለመድኃኒቱ የሚገባውን እንስጠው። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የታተመ አንድ ምርመራ፣ በሳይንስ፣ በምሕንድስናና በሒሳብ ትምህርቶች ላይ የተደረጉ 225 ጥናቶችን ሰብስቦ አመዛዝኗል። መምህሩ ብቻ በሚናገርበት ክፍል ከመቶው ተማሪ 34 ያህሉ ሲወድቁ፣ ተማሪው በሚሳተፍበት ክፍል የወደቁት 22 ያህሉ ናቸው። በመካከል ያሉት አሥራ ሁለቱ ሰዎች ናቸው፤ ወደ ቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ሰዎች። ስለዚህ ዘዴው ይሠራል አይሠራም ብለን አንከራከርም። ክርክራችን ዘዴው ከየት እንደ ተነሣና በመንገድ ላይ ምን እንደ ጣለ ነው።

ለምሳሌ ዴንማርክን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1968 የኮፐንሃገን ተማሪዎች የፕሮፌሰሮች ብቸኛ ሥልጣን ይብቃ ብለው ተነሡ። በ1970 የወጣው ሕግም ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ አስተዳደር ውስጥ ድምፅ እንዲኖራቸው አደረገ። ከዚያ በኋላ በ1972 የሮስኪልደ፣ በ1974 የኦልቦርግ ዩኒቨርሲቲዎች ሲቋቋሙ ትምህርታቸው በፕሮጀክት ላይ እንዲቆም ተደረገ። በኦልቦርግ የምሕንድስና ተማሪዎች በየመንፈቀ ዓመቱ በትንንሽ ቡድን ሆነው አንድ ችግር ይይዛሉ። ችግሩ ተፈትቶ እንደሚመለስ የቤት ሥራ ተዘጋጅቶ አይሰጣቸውም። ችግሩ በእርግጥ ችግር መሆኑን መመርመር፣ ለማን ችግር እንደ ሆነ መጠየቅ፣ ወሰኑን ማበጀት ራሱ የትምህርቱ ክፍል ነው። እንግዲህ ተማሪው በክፍል ውስጥ ጥያቄ የማንሣት መብት ያገኘው በጉባኤ ውስጥ ድምፅ ባገኘበት ዘመን መሆኑን ልብ ይሏል። ሁለቱ በአንድ ማኅፀን ያደሩ ነበሩ። በ2003 የወጣው ሕግ የአስተዳደሩን ድምፅ በእጅጉ ሲያጠበው የቡድኑ ፕሮጀክት ግን ሳይነካ ቀርቷል። ቅርፅ ከይዘት ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል። ወደ ሌላ አገር የሚላከውም ብዙ ጊዜ ቅርፁ ነው።

ወደ አገራችንም የገባው በዚሁ አኳኋን ነበር። በ2000 ዓ.ም. ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከሚገቡት ተማሪዎች ከመቶው ሰባው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደቡ ተወሰነ። አገሪቱ መሐንዲስ ያስፈልጋታል መባሉ ሐሰት አልነበረም፤ መንገዱም፣ ውኃውም፣ መብራቱም የሚመሰክረው ነው። ይሁን እንጂ ታሪክ ወይም ሕግ ሊያጠና ያሰበ ወጣት ራሱን በሲቪል ወይም በሜካኒካል ምሕንድስና ክፍል ሲያገኘው ማንም ምክንያቱን አላስረዳውም። የምርጫ ቅጽ ነበረ፤ ኮታው ግን ከቅጹ በላይ ነበረ። በእነዚያው ዓመታት ደግሞ ተማሪዎች «አንድ ለአምስት» በሚባለው አደረጃጀት ተቧደኑ፤ ውጤቱ የላቀ አንድ ተማሪ አምስት ጓደኞቹን እየመራ እንዲያጠና። ከሩቅ ሲያዩት የኦልቦርግ ቡድን ይመስላል። ነገር ግን አባላቱ አልተመራረጡም፣ ጥያቄውን አላነሡትም፣ ሪፖርቱም የሚጓዘው ወደ ላይ ነበረ። ያው አደረጃጀት በገጠር ለገበሬው፣ በከተማ ለነዋሪው ተዘርግቶ እንደ ነበር ለሚያስታውስ ሰው፣ ዓላማው መማማር ብቻ ነበር ብሎ ማመን ያስቸግራል። እንዲህ በሆነበት ክፍል ተማሪው ዝም ሲል፣ ዝምታውን የፍላጎት እጦት ብሎ መሰየም ፍርድ ማዛባት ይመስለናል። ዝምታው ለእርሱ የቀረችው የመጨረሻ ድምፅ ልትሆን ትችላለችና።

ስለ አሳታፊ ትምህርት ለማወቅስ ባሕር መሻገር ባላስፈለገን ነበር። የቅኔ ቤት ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ ብቻ አይሄድም። ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከመቃብር ቤት ተጠግቶ የራሱን ይቆጥራል፤ ከዚያም ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ ነገም ሌላ ይዞ ይመጣል። ዋሸራ ይሻለኛል፣ ዋድላ ይሻለኛል ብሎ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ የመንደር ውሻ እየተከላከለ በእግሩ የሚሄደው እርሱ ነው። የቆሎ ተማሪ ራብ እንጂ የፍላጎት እጦት አስቸገረው ሲባል ሰምተን አናውቅም። ቅኔ ቤቱን ገነት ማድረጋችን አይደለም፤ በዚያም ዱላ ነበረ፣ ከጥቂቶች በቀር ሴቶች ደጁን አልረገጡም። በዚያ ሥርዓት ግን ተማሪው ለመምህሩ የሚያቀርበው የራሱን መሆን ነበረበት። የሰው ቅኔ ይዞ የቀረበ ምንም እንዳላቀረበ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ አንባቢ በዋዛ የማይታለፍ መቃወሚያ ሊያነሣብን ይችላል፤ እኛም ራሳችንን ያስጨነቀን እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በሃርቫርድ የፊዚክስ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሟል። በአሳታፊው ክፍል የተማሩት በፈተና የበለጠ ማወቃቸውን አስመሰከሩ፤ ሲጠየቁ ግን የበለጠ የተማርነው ጥሩ ተናጋሪ መምህር ሲያብራራልን ነው የሚል ስሜት ነበራቸው። ጥረት ራሱ አለማወቅ መስሎ ተሰማቸው። እንግዲህ ተማሪው የሚበጀውን የማያውቅ ከሆነ፣ ሳይወድ በቡድን የሚያስቀምጠው መምህርና ሳይወድ በምሕንድስና የሚመድበው ሚኒስቴር በምን ይለያያሉ? ሁለቱም «ለአንተ ስል ነው» ይላሉ።

እንደ እኛ አስተያየት ልዩነቱ የሚገኘው ምክንያትን በመስጠትና በመንፈግ ላይ ነው። መምህሩ ማስረጃውን በተማሪው ፊት ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ተማሪውም ሊመረምረው፣ ሊሞግተው፣ በራሱ ፈተና ውጤት ሊመዝነው ይችላል። ምክንያቱን የተነገረው ሰው ባይስማማ እንኳ ሰውነቱ አልተነፈገም። ኮታ ግን አይሞገትም፤ መልስ የሚሰጥ ፊት የለውም። ከዚህ ይልቅ የሚብሰው ደግሞ ተመዳቢውን በሽልማት ለማባበል የሚደረገው ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የታተመ የታወቀ ሙከራ እንዳሳየው፣ ቅርፅ የማገጣጠም እንቆቅልሽ በገዛ ፈቃዳቸው ይጫወቱ የነበሩ ተማሪዎች ገንዘብ ተከፍሏቸው ክፍያው በቀረ ጊዜ ቀድሞ ለጨዋታው የነበራቸው ፍቅር ቀነሰ። ነጥብንና የነጻ ትምህርት ዕድልን እያሳደድን ባሕር የተሻገርን እኛም በዚህ ሙከራ ውስጥ ራሳችንን ሳናይ አንቀርም።

ይህን ሁሉ ብለን ግን ተመድቤያለሁና አይመለከተኝም የሚለውን ተማሪ ነጻ አንለቅቀውም። በሠራው ድልድይ ላይ አህያዋን እየነዳች የምታልፈው እናት፣ መሐንዲሱ በምርጫው ይግባ በኮታ አታውቅም፤ ልታውቅም አይገባትም። በምደባው ስብሰባ ላይ አልነበረችም፤ የብረቱ ስሌት ቢሳሳት የምትወድቀው ግን እርስዋ ናት። ስለዚህ ተማሪው ለመደበው አካል ፍቅር ዕዳ የለበትም፤ ለእርስዋ ግን ጥንቃቄ ዕዳ አለበት። እነዚህን ሁለት ዕዳዎች መደባለቅ ለገዢም ለሰነፍም ይመቻል። ገዢው በእናቲቱ ስም ፍቅርን ይጠይቃል፤ ሰነፉ ደግሞ በገዢው አሳብቦ ጥንቃቄን ይነፍጋታል። ምናልባትም የመማር ፍላጎት ከሁሉ ይልቅ የሚወለደው ያቺን እናት ከማየት ይሆናል። ወንዙን ሄዶ ያየ፣ ክረምት ሲሞላ ስንት ቀን መንገድ እንደሚዘጋ ከመንደሩ ሰው የጠየቀ ተማሪ ሒሳቡን የሚሠራው ለመምህሩ ብሎ አይደለም። ለዚህ ደግሞ ውድ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ተማሪው ከግቢው ወጥቶ እንዲጠይቅና ያገኘው ጥያቄ በክፍል ውስጥ ቦታ እንዲሰጠው መፍቀድ ይበቃል። ይህን መፍቀድ ግን ለብዙ መምህር ከሥልጣኑ መቀነስ ነው፤ ለዚህም ነው ከቡድን አቀማመጡ ይልቅ የሚያዳግተው።

በየአገሩ ምሕንድስና የምታጠኑ አንባቢዎቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። በአራት ወይም በአምስት ዓመት ትምህርታችሁ ውስጥ ከተሰጣችሁ ፕሮጀክት ሁሉ ጥያቄውን እናንተ ራሳችሁ ያነሣችሁት ስንቱን ነበር? ያን ጊዜ ምን ተሰማችሁ፣ መምህራችሁስ ምን አላችሁ? ለሚቀጥለው እትም ጻፉልን።