የደባቂው ዕዳ

ልጆች ከሚወዷቸው ጨዋታዎች ብዙዎቹ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ አንዱ ይደብቃል፣ ሌላው ይፈልጋል። የሚደበቀው ዕቃ እንዲያው ዋጋ ቢስ ነው፤ አጥንት፣ ጠጠር ወይም ቁራጭ ጨርቅ። ሆኖም ሲፈለግ የሚታየው ትጋት፣ ሲገኝ የሚሰማው ጩኸት፣ ሳይገኝ ሲቀርም የሚነሣው ጭቅጭቅ ወርቅ ከጠፋበት ሰው አያንስም። ታዲያ ተጫዋቾቹ የሚከራከሩት ስለ ምንድን ነው? ስለ ጨርቁ አለመሆኑ ግልጽ ነው። ጥያቄው የልጆች ቢመስልም፣ አዋቂዎች እርስ በርሳቸው ስለሚደባበቁት ነገር ለማሰብ መነሻ ይሆናል።

በገዳሪፍና በአካባቢው የሁለት አገር ጨዋታ ጎን ለጎን ይኖራል። ሱዳናውያን ልጆች በጨረቃ ሌሊት «ሽሌል» የሚሉትን ይጫወታሉ። መሪው ነጭ አጥንት ይዞ ይቆማል፤ ሽሌል የት እንደ ሄደ በቅብብል እየተዜመ ይጠየቃል፤ አዞ ነጠቀው ተብሎም ይመለሳል። ከዚያ አጥንቱ ወደ ጨለማው ይወረወራል፤ ልጆቹም ተበትነው በጨረቃዋ ብርሃን መሬቱን ያስሳሉ። ያገኘው እየጮኸ ወደ መነሻው ይሮጣል።

ከመተማ ማዶ ያደጉት ደግሞ «መሐረቤን ያያችሁ»ን ያውቃሉ። ልጆች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ አንዱ መሐረብ ይዞ ከኋላቸው እየዞረ መሐረቡን አይተው እንደሆነ ይጠይቃል፤ እነርሱም አላየንም ይላሉ። በዚህ መካከል መሐረቡን ከአንዱ ጀርባ ቀስ አድርጎ ይጥለዋል። ያ ልጅ ነቅቶ ካገኘው ተነሥቶ ደባቂውን ያሳድዳል፤ ደባቂው ዙሩን ጨርሶ እስኪመለስ ካላወቀ ግን ተሸናፊ ይሆናል። የጨዋታው ልዩ ነገር እዚህ ላይ ነው፤ መሐረቡ የት እንዳለ ማዶ የተቀመጡት ሁሉ ያያሉ፤ የማያየው ከጀርባው የተጣለበት ብቻ ነው። የሚያዩትም አላየንም ይላሉ።

ዘመኑ ይህንኑ ጨዋታ ወደ ኮምፒውተርና ወደ እጅ ስልክ አስገብቶታል። እ.ኤ.አ. በ2005 የሲያትሉ ቢግ ፊሽ ጌምስ «ሚስትሪ ኬዝ ፋይልስ» የተባለውን ተከታታይ ጨዋታ ማውጣት ከጀመረ ወዲህ፣ የተደበቀ ዕቃ ማፈላለግ ራሱን የቻለ የጨዋታ ዘርፍ ሆኗል። አስማት የሰፈነበት ቤተ መንግሥት ወይም የጠንቋይ ጫካ በሥዕል ይቀርባል፤ በሥዕሉ ግርጌ የዕቃዎች ስም ይዘረዘራል፤ ተጫዋቹ ቁልፉን፣ ላባውን፣ የተሰበረውን ጽዋ ከክምሩ መካከል ለይቶ ይነካል። ሲቸግረው የሚጫነው የፍንጭ ቁልፍ አለ፤ አንዴ ከተጠቀመበት ግን እንደገና እስኪሞላ መጠበቅ አለበት። ሳያስብ እዚህም እዚያም የሚነካካ በብዙዎቹ ጨዋታዎች ይቀጣል።

የእነዚህ ጨዋታዎች ተጫዋቾች የሚሰጡት አስተያየት በጥሞና ሲታይ አንድ ቁም ነገር ይገኝበታል። «ከባድ ነው» የሚለው ቃል ብዙውን ጊዜ ምስጋና ነው። ዕቃውን ከብዙ ድካም በኋላ ያገኘ ተጫዋች «ለካስ ከዓይኔ ሥር ነበር!» ብሎ በራሱ ይስቃል እንጂ አይቆጣም። የሚቆጣው ሥዕሉ ዓይን እስከማይለይ ድረስ ሲጨልም፣ የተጠራው ስምና የተሣለው ዕቃ ሳይገጥሙ ሲቀሩ፣ ወይም የታሪኩ ፍጻሜ ተቆርጦ ለብቻው ሲሸጥ ነው። በአጭሩ፣ ተጫዋች ነቀፋውን የሚያቀርበው ዕቃው ስለተደበቀበት አይደለም፤ ሊገኝ በማይችልበት ሁኔታ ስለተደበቀበት ነው።

ከዚህ የምንረዳው፣ የሚፈልግ ሰው ደባቂውን አስቀድሞ አምኖ እንደሚነሣ ነው። አጥንቱ በእርግጥ መወርወሩን፣ መሐረቡ ከክቡ አለመውጣቱን ያምናል። ድካሙን የሚሰጠው በዚህ እምነት ላይ ተመሥርቶ ነው። ስለዚህ ደባቂው ባለዕዳ ነው። የመጀመሪያው ዕዳው የተደበቀው ነገር መኖሩ ነው፤ ሁለተኛው መገኘት መቻሉ ነው፤ ሦስተኛው ወሰን ያለው መሆኑ ነው። እንቆቅልሽ የሚጠይቅ ሰውም ከዚህ ዕዳ አያመልጥም። መልሱ የጠፋበት አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም አገሩን ተቀብሎ የፈለገውን ያህል ቢያሾፍ ይፈቀድለታል፤ በመጨረሻ ግን መልሱን መናገር ግዴታው ነው። አገር ተቀብሎ መልሱን ይዞ የሄደ ጠያቂ ጨዋታ አልተጫወተም፤ ዘርፏል።

የኔዘርላንዱ የታሪክ ሊቅ ዮሐን ሆይዚንኻ እ.ኤ.አ. በ1938 ስለ ጨዋታ ባሳተመው መጽሐፍ ጨዋታ አፍራሽንና አጭበርባሪን ይለያል። አፍራሹ ሕጉን በግልጽ ይጥላል፤ አጭበርባሪው ግን የሚጫወት መስሎ ይቆያል። በሽሌል ጨዋታ አጥንቱን የወረወረ መስሎ በመዳፉ ጨብጦ የሚቆም መሪ ቢኖር እርሱ አጭበርባሪ ነው። ልጆቹ በጨለማ አፈር ሲዳብሱ ያመሻሉ፤ እርሱ ግን የሌላውን ልፋት ቆሞ ይመለከታል። የልጆቹ ጥፋት ምንድን ነው? ማመናቸው ብቻ።

ይህ ሁሉ ወደ አዋቂዎች ዓለም ሲሻገር የሚገናኘው ከመርዶ ጋር ነው። በአገራችን ባህል የሞት ወሬ እንደ ማንኛውም ወሬ አይወረወርም። የሟች ወገን የሆነው ሰው እስኪዘጋጅ፣ ዘመድ ወዳጅም እስኪሰበሰብ ይደበቅለታል፤ «ትንሽ አሟቸው ነበር» እየተባለ ልቡ በቀስታ ይለዘባል፤ ከዚያም ሽማግሌዎች ባሉበት ማለዳ ይነገረዋል። ይህ ርኅራኄ ነው፤ ሐዘንን ብቻውን እንዳይሸከም ማድረግ ነው።

ነገር ግን ከጭልጋ ወይም ከአርማጭሆ ተነሥቶ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ገዳሪፍ የወረደ ሠራተኛ እናቱ ቢሞቱበት ምን ይሆናል? ወሬው በስልክ ለጓደኞቹ ይደርሳል። አብረውት የሚያጭዱት፣ ቡና የምታፈላለት ሴት፣ ሁሉም ያውቃሉ፤ እርሱ ብቻ አያውቅም። ሲመጣ ንግግር ይቋረጣል። «ከቤት ወሬ ሰማችሁ?» ሲላቸው አልሰማንም ይሉታል። ክቡ ሙሉ ነው፤ መሐረቡ ከጀርባው ነው።

የደባቂዎቹ ምክንያት ቀላል አይደለም። ሰውየው በበረሃ መካከል ነው፤ ይዞ የሚያስለቅሰው ዘመድ የለውም፤ ሥራውን ጥሎ በሌሊት ቢነሣ የደከመበትን ሒሳብ ሊያጣ፣ በመንገድም አደጋ ሊያገኘው ይችላል። «አገሩ ሲገባ ይነገረዋል» ማለት አስተዋይነት ይመስላል። በሌላ በኩል ግን እናቱ ታመዋል የተባለ ልጅ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ከምሳው ቆርጦ ለመታከሚያ ገንዘብ ይልካል። ያ ገንዘብ ለሞተ ሰው መድኃኒት ተላከ ማለት ነው። ገንዘቡን እየተቀበሉ ዝም የሚሉ ሰዎች ካሉ፣ አጥንቱን በመዳፉ እንደጨበጠው መሪ ሆነዋል፤ መደበቁ ለእርሱ መሆኑ ቀርቶ ለእነርሱ ሆኗል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የወሰኑ ጉዳይ ነው። «አገሩ ሲገባ» የሚለው ቃል አጨዳው በኅዳር ሲያልቅ ሰው ወደ ቤቱ በሚመለስበት ዘመን ወሰን ነበረው። መንገድ ሲዘጋ ግን ቃሉ ትርጉሙን ያጣል። በ2013 ዓ.ም ከትግራይ ጦርነት ሸሽተው ወደ ምሥራቅ ሱዳን ከተሻገሩት ከ60,000 በላይ ሰዎች ብዙዎቹ በገዳሪፍ ክፍለ ግዛት ውስጥ በኡም ራኩባና በቱናይድባህ ሰፈሩ፤ የሚመለሱበትን ቀን የሚያውቅ አልነበረም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም በሱዳን ራሷ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ስደተኛው እንደገና ስደተኛ ሆነ፤ ሱዳናውያንም በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ መርዶን እስከ መመለሻ ድረስ መደበቅ ለዘለዓለም ከመደበቅ በምን ይለያል? አርባው ያልፋል፤ ተዝካሩ ይወጣል፤ ልጁ ግን ለሞተች እናቱ ጤና ይለምናል።

የመደበቅን ጥቅም የሚያስረዱ ሰዎች ከዚሁ ድንበር ታሪክ ማስረጃ ሊያቀርቡ ይችላሉ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ ከመሐዲስቶች ጋር በመተማ ሲዋጉ ድሉ ወደ ኢትዮጵያውያኑ አዘንብሎ ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱ መቁሰል ሲሰማ ግን ሠራዊቱ ተፈታ። ወሬው እስከ ማታ ቢያዝ ኖሮ የዚያ ቀን ውጤት ሌላ ሊሆን ይችል ነበር የሚል ሰው አይሳሳትም። በአንጻሩ ዐፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም ባረፉ ጊዜ ሞታቸው ለረጅም ጊዜ ከሕዝቡ ተሰውሮ ቆየ። ለመንግሥቱ ጸጥታ ነው ቢባልም፣ ሕዝቡ ለሞተ ንጉሥ በሕይወት እንዳለ ሆኖ መገዛቱ አልቀረም።

ሁለቱ ታሪኮች ሲነጻጸሩ ልዩነቱ የሚገኘው በመደበቁ ላይ አይደለም። እስከ ጦርነቱ ማብቂያ የሚያዝ ወሬ ዙሩ አጭር ነው፤ ወታደሩ ማታ ይሰማዋል፤ የተደበቀበትንም ምክንያት ራሱ ይመዝነዋል። ዙሩ መቼ እንደሚያልቅ ያልተወሰነለት ምሥጢር ግን የተደበቀበትን ሰው ፍርድ ይወስዳል። ምን ማድረግ እንዳለበት፣ መቼ ማልቀስ እንዳለበት፣ ገንዘቡን በምን ላይ ማዋል እንዳለበት ሌሎች ይወስኑለታል። ለራሱ የሚያስብ ሰው መሆኑ ቀርቶ የሚጠበቅ ሕፃን ይሆናል።

በመሐረቡ ጨዋታ ብዙ የማይስተዋል አንድ ሕግ አለ። ደባቂው ጨርቁን ጥሎ አይሰወርም፤ ከክቡ ዙሪያ ይሮጣል እንጂ። የነቃው ልጅ ተነሥቶ ሊይዘው ይችላል። መደበቅ የተፈቀደለት ለመያዝ የተዘጋጀ ስለሆነ ነው። መርዶን የሚይዝ ወዳጅም በዚህ ሕግ ሊመዘን ይገባዋል። አንደኛ፣ የሚነገርበትን ቀን አስቀድሞ ይቁረጥ፤ መንገዱ ቢከፈትም ባይከፈትም ከአርባው በፊት ይሁን፤ የሙስሊሙም ሐዘን የራሱ ቀን ስላለው በዚያው ይጠበቅ። ሁለተኛ፣ በመካከሉ ከተደበቀበት ሰው ምንም አይቀበል። ሦስተኛ፣ ቀኑ ሲደርስ «እኔ ነኝ የደበቅሁህ፤ ምክንያቴም ይህ ነው» ብሎ ፊት ለፊት ይቁም፤ ቁጣውንም ይቀበል። ዘመድ በሌለበት አገር ዘመድ መሆን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ በገዳሪፍ አሥር የአገር ልጆች ቡና አፍልተው፣ ማለዳ ተሰብስበው፣ ሐዘንተኛውን ይዘው ማስለቀስ ይችላሉ።

ሐዘንተኛ ለጥቂት ቀናት የደበቁትን ወዳጆቹን ብዙ ጊዜ ይቅር ይላል፤ እንዲያውም ያመሰግናቸዋል። ይቅር ለማለት የሚከብደው ሌላ ነው፤ ዙሩ ካለቀ በኋላም ክቡ ሁሉ እያየ አላየንም ያለበትን ጊዜ ነው።